የጥሩንባ ነፊው ሹመት

አባቴ የቀበሌ ሊቀመንበር የሆነው ድምፁ ትልቅ ስለነበረ ነው። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም።

መንደራችን ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ፣ መኪናው ከሚያቆምበት ደግሞ ረጅም የእግር መንገድ የሚቀረው ደጋ ነው። ውርጩ የተወልንን ገብስና ባቄላ እናበቅላለን። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ቅሬ ይተዳደራል። ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው፤ ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍረው፣ ሬሳ የሚሸከመው፣ ለቀስተኛውን የሚያስተናግደው እሱ ነው። የዚህ ቅሬ ጥሩንባ ነፊ አባቴ ነበር፤ እኔ ነፍስ ሳላውቅ ጀምሮ። ሰው ሁሉ የሚጠራውም በዚሁ ነበር። የእኔም ስም «የጥሩንባ ነፊው ልጅ» ነው፤ ትምህርት ቤት እያለሁ አፍርበት ነበር።

ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው። ወዲያው ግን አይነፋም። የሟች እናት ወይም እህት ሌላ ጎጥ ካለች፣ አስቀድሞ ወደ እሷ ይሄዳል። ደጃፏ ላይ ባርኔጣውን አውልቆ ይቆምና በዝግታ ይነግራታል። «የገዛ ሥጋው መሞቱን ከጥሩንባ የሚሰማ ሰው መኖር የለበትም» ይል ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው ጉብታ ላይ ወጥቶ፣ ጠፍጣፋዋ ድንጋይ ላይ ቆሞ የሚነፋው። ለአዋቂ ረጅም፣ ለሕፃን አጭር። ነፍቶ ሲያበቃ በአፉ ይጣራል፦ «ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ይህን ጊዜ የሚያርሰው በሬውን ይፈታል፣ ሌላው ዶማውን አንሥቶ ይወጣል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያስራሉ። አንድም ቀን «እውነት ነው ወይ?» ብሎ የጠየቀው ሰው አላውቅም።

የተሾመበት ዓመት እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ወድቄ ቤት የተቀመጥኩበት ነው። ከተማ ተከራይቼ ስማር ቆይቼ ባዶ እጄን ተመልሻለሁ፤ ሰው ሁሉ ያናድደኝ ነበር። የቀድሞው ሊቀመንበር «ለልጆቼ ትምህርት» ብሎ ጓዙን ጠቅልሎ መካነ ሰላም ገብቷል። እውነቱን ሁሉም ያውቃል፤ ሹመት የሚወደድበት ዘመን አልነበረም። በአንድ በኩል የላይኛው ይቆጣል፣ በሌላ በኩል የታችኛው ይረግማል፣ መሐል ያለው ሰው እንቅልፍ የለውም። ስለዚህ ከወረዳ አንድ ወጣት ኃላፊ መጥቶ ሕዝቡን ቀበሌው ግቢ ሰብስቦ «ጥቆማ ስጡ» ሲል፣ ያ ሁሉ ሰው ሣር ሣሩን ማየት ጀመረ።

ዝምታው ረዘመ። ኃላፊው ፀሐይ ላይ ቆሞ ያልበዋል። አባቴ ዝምታ አይችልም፤ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲጠራ የኖረ ነው። ብድግ አለና «ኧረ ጎበዝ፣ አንድ ነገር ተናገሩ! እንግዳው ፀሐይ እየመታው አይደለም ወይ?» አለ። በቃ፣ ያ ነው ጥፋቱ። ከኋላ አንዱ «ይኸው ተነሣ! እሱ ይሁን፤ የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ!» ብሎ ጮኸ። እጅ ሁሉ ወጣ። እንዲህ ባንድ ጊዜ እጅ ሲወጣ ለጸሎት እንኳ አይቼ አላውቅም። እጃቸውን ያወጡት ለአባቴ አልነበረም፤ ከየራሳቸው ላይ ሸክም ለማውረድ ነው። ይህን ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

«እኔ የሞተ ነው የምጠራ» አለ አባቴ፣ እጁን እያርገበገበ። «በሕይወት ያለ ሰው ማስተዳደር አላውቅበትም።»

ሳቁበት። ኃላፊውም ስቆ ጨበጠው። «ሹመት ያዳብር!» እያሉ እየተሳሳቁ ወደየቤታቸው ሄዱ።

እናቴ ያኔ ታማ ነበር። መካነ ሰላም ወስደናት ሐኪሙ ልቧ ነው ብሎናል። እግሯ ያብጣል፣ ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራታል፤ ስለዚህ ጆንያ ደራርበን አስደግፈናት ነበር የምትተኛው። አባቴ ማኅተሙን በጨርቅ ቋጥሮ ኪሱ ከትቶ ሲገባ አየችው፤ ወሬውንም ሰማች።

«ታዲያ ምን ልበልህ? ሹመት ያዳብር ነው ወይስ እግዜር ያውጣህ?»

«ለትንሽ ጊዜ ነው» አላት።

«እኔን ነው ያሳሰበኝ» አለች። «ባል ለሚስቱ አይነፋም። ለእኔ የሚነፋ ሰው አስተምራለሁ ስትለኝ ስንት ዘመንህ ነው። አሁን ደግሞ ወንበር ላይ ወጣህ። ቅሬ ሳይወጣልኝ እንዳልቀር።»

«አንቺ አትሞችም።»

«ሞት ሲዘገይ የቀረ ይመስላል» ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች። እናቴ ከሞት ይልቅ የምትፈራው ብቻዋን መቀበርን ነበር። በሰው ለቅሶ ቀርታ አታውቅም፤ እግሯ እያበጠ እንኳ ዱላ ይዛ ትሄድ ነበር። ቆጥ ላይ ለራሷ ቀብር ብላ ያስቀመጠችው አዲስ ሰሌን ነበር፤ «ቅሬዬ ሲመጣ መሬት ላይ እንዳይቀመጥ» ትላለች። የቤታችን ጭንቀት ከዚያ ቀን ጀምሮ ይኸው አንድ ነገር ሆነ።

ሰው አባቴን «ሊቀመንበር» ማለት ጀመረ። በወንዝ ዳር ሲያልፍ ወሬ የሚያወሩት ዝም ይላሉ። የድጋፍ ደብዳቤ የሚፈልግ፣ ድንበር ተገፋሁ የሚል፣ ማዳበሪያ ዘገየ የሚል ሁሉ ደጃችን ይቆማል። እሱ ማንበብ ብዙም አይሆንለትም፤ ከወረዳ የሚመጣውን ወረቀት የማነብለት እኔ ነኝ። አንብቤ ስጨርስ «አሁን ይኸ ምን አድርግ ነው የሚለው?» ይለኛል። እኔም ብዙ ጊዜ አላውቀውም ነበር።

ጥር ላይ የተፋሰስ ሥራ መጣ። ከጥምቀት በኋላ ሕዝቡ ወጥቶ ተራራው ላይ እርከን ይሠራል፤ በየዓመቱ ያለ ነው። በዚያ ዓመት ግን ሰው እምቢ አለ። የመጀመሪያው ቀን ጥቂት ሰው ወጣ፣ በማግሥቱ ጭራሽ አነሰ። ከወረዳ የመጣው ባለሙያ አባቴ ላይ ጮኸበት።

«አንተ ጥሩንባ ነፊ አይደለህም እንዴ? ንፋዋ!»

«ጥሩንባው የቅሬ ነው» አለ አባቴ።

«ቅሬውም የሕዝብ፣ ልማቱም የሕዝብ። ምን ልዩነት አለው?»

አባቴ ትቶት ሄደ። ቤት መጥቶ እሳት ዳር ተቀምጦ ሲያስብ ዋለ። ከዚያ ፊቱ በራ፤ ያን ፊቱን አልረሳውም። «ሌላ አነፋፍ አለ» አለኝ። «የሞት ረጅም ነው፣ ወይ አጭር። ይኸ ግን ቆረጥ ቆረጥ እያለ፣ መጨረሻው ላይ ወደ ላይ የሚነሣ ነው። የሰማ ሁሉ ለደስታ መሆኑን ያውቃል።» እጁን እንደ ጥሩንባ ጠቅልሎ በአፉ አሰማን። እውነትም የሚያስደስት ነበር።

እናቴ ከመኝታዋ ላይ ሆና «አንተ ሰውዬ፣ ተው» አለችው። አልተወም።

በማግሥቱ ጠዋት ድንጋይዋ ላይ ወጥቶ ነፋ። እኔ ግቢ ውስጥ ነበርኩ፤ ሌላ አነፋፍ መሆኑንም አስቀድሜ አውቃለሁ። ቢሆንም የመጀመሪያው ድምፅ ሲሰማ «ማን ሞተ?» አልኩ። እኔ እንዲህ ካልኩ ሌላውማ እንዴት ሊሆን ነው? ልዩነቱን የሚሰማው ጆሮ ያለው እሱ ብቻ ነበር። ያ ሁሉ ሰው በዚያ ጥሩንባ የሰማው አንድ ነገር ነው። በየበሩ ሴቶች ወገባቸውን አስረው ወጡ፤ ዋይታው ከጎጥ ወደ ጎጥ ተያያዘ።

ከወንዙ ማዶ አንዲት አሮጊት ጎረቤት አሉን። አንድ ልጃቸው ሳዑዲ ሊገባ በባሕር ከወጣ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ለሌላው ሰው አባቴ አስቀድሞ ደጁ ይመጣለታል፤ ከዚያ አገር የሚመጣን መርዶ ግን ማን አስቀድሞ ይነግራል? እሳቸው ጥሩንባውን እንደሰሙ «ልጄን!» እያሉ ቁልቁለቱን ሮጡ። ድንጋይ አደናቀፋቸውና ወደቁ፤ ክንዳቸው ተሰበረ። አባቴ ጉብታው ላይ ቆሞ «የሞተ የለም! ለሥራ ነው! የሞተ የለም!» እያለ ይጮሃል። ያን ትልቅ ድምፅ በዚያን ቀን የሰማው አልነበረም።

ሰዎቹ ነገሩ ሲገባቸው አልተሳደቡም። ቢሳደቡ ይሻል ነበር። ዶማቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ አንድም ሰው እርከኑ ጋ አልሄደም። አባቴ በመንገድ ያገኘውን ሁሉ እየያዘ «ሌላ አነፋፍ እኮ ነው የነፋሁት» ይላል። ባዩት ቁጥር አንገታቸውን ይደፋሉ።

ቅሬው ተቀመጠ። የቅሬው ዳኛ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ሽማግሌ ሙስሊም ናቸው፤ አባቴ ጥሩንባውን የተቀበለው ከእሳቸው እጅ ነው። መዳፋቸውን ዘርግተው ዱኣ አደረጉ፤ ሁሉም አሚን አለ። ከዚያ «ጥሩንባውን አምጣ» አሉት። ሰጣቸው። ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት።

«ይኸ ዕቃ ውሸት አያውቅም ነበር» አሉ። «አስዋሸነው።»

«ሌላ አነፋፍ ነው የነፋሁት፣ የኔ አባት» አላቸው።

«ወላሂ አውቃለሁ። አንተ ልታታልል አልነፋህም። ነገ ግን እውነተኛ ሞት ሲመጣ ሰው ቁጭ ብሎ 'የሥራ ይሆን የሞት?' ብሎ ቢጠይቅ፣ ሬሳ መሬት ላይ ይውላል። ወንበርና ጥሩንባ ባንድ ሰው እጅ አይሆንም። ወንበሩን አስረክበህ ስትመጣ ጥሩንባህን ትወስዳለህ። እስከዚያ ለሰው አትነፋም፤ ለቤትህም አይነፋም። ቅሬውም ለቤትህ አይወጣም።»

ጉምጉምታ ሆነ። አንዱ ቀስ ብሎ «ሚስቱ ታማለች እኮ» አለ። ሽማግሌው መሬት መሬቱን አዩ። «እሱንም አውቃለሁ» አሉ።

እኔ ሴት ልጅ ነኝ፣ ያውም ያላገባሁ፤ በቅሬ ሸንጎ አፍ መክፈት ነውር ነው። አጥሩ ጋ ቆሜ ነበር። አላስቻለኝም። «እጃችሁን አውጥታችሁ የሾማችሁት እናንተ አይደላችሁም እንዴ?» ብዬ ጮህኩ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። አባቴ አቀረቀረ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ዳኛው ረጋ ብለው «ሐቅ ነው ልጄ» አሉኝ። «እጃችንን ያወጣነው እኛ ነን። ለዚህ ነው ቶሎ ይመለስልን የምንል።»

በሳምንቱ ከአባቴ ጋር መካነ ሰላም ሄድን። መንገዱ መኪናውን እያንገጫገጨ ቀጥቅጦን ገባን። ወረዳው ጽሕፈት ቤት ኮሪደር ላይ ከሌሎች ባለጉዳዮች ጋር ብዙ ተቀመጥን። አባቴ ማኅተሙን ከኪሱ አውጥቶ፣ ከጨርቁ ፈትቶ፣ መዳፉ ላይ ይዞት ነበር፤ ወዲያው አስረክቦ የሚወጣ መስሎታል። ያ ወጣት ኃላፊ ክፉ ሰው አልነበረም። ወንበር ሰጠን፤ ሰማን። «ይገባኛል፤ ግን ቀበሌ ያለ ሰው አይቀመጥም። ተተኪ ፈልግና ይዘኸው ና» አለ። አባቴ ማኅተሙን መልሶ ቋጠረው።

ተተኪ ፍለጋ በየቤቱ ዞረ። አንዱ ወገቡን ያመዋል፣ አንዱ ሚስቱ ወልዳለች፣ አንዱ ማንበብ አይችልም። «እኔስ እችላለሁ እንዴ?» ይላቸዋል። ውሃ አቅርበው፣ ዳቦ ቆርሰው ይሸኙታል። ማታ ሲገባ እናቴ «ተገኘ?» ትለዋለች። «ነገ አንድ የማናግረው ሰው አለ» ይላታል። በማግሥቱም እንዲሁ። እሷ አልተቆጣችም፤ ዕድሜ ልኳን ስትቆጣው የኖረች ሴት በዚያ ሰሞን መቆጣት ተወች። እኔን ያስፈራኝ ይኸ ነው።

አንድ ቀን ቅቤ ቋጥራ ወደ አሮጊቷ ላከችኝ፤ ይቅር በሉን ብዬ እንድለምን። ክንዳቸውን ወጌሻ አስሮላቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቅቤውን ተቀበሉኝ። «ክንዴስ ይድናል» አሉኝ። «ከዚያ ቀን ወዲህ ግን በሬ ባገሳ ቁጥር ልቤ ከቦታው ይሄዳል።» «እናትሽስ?» ሲሉኝ «ደህና ናት» አልኩ። «አብሽሪ በያት» አሉኝ።

እናቴ ያረፈችው በዐቢይ ጾም፣ አንድ ጠዋት ፀሐይ ወጥታ ነው። ውሃ ጠየቀችኝ፤ ይዤ ስመለስ አልጠጣችም። አባቴ ዓይኗን ከደነላት። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ግድግዳው ሄደና እጁን ጥሩንባው ወደሚሰቀልበት ኩላብ ሰደደ። እጁ ባዶውን ኩላብ ይዞ እዚያው ቀረ። ከዚህ በፊት ሰው ሞተ ሲባል እጁ የሚሄደው ወደዚያ ነበር። ሳየው ለእናቴ ሳላለቅስ ለእሱ አለቀስኩ።

«ለአክስትሽ ሄደሽ ንገሪያት» አለኝ ቆይቶ። «ከሌላ ሰው እንዳትሰማ።»

አክስቴ ያለችው ከወንዙ ማዶ፣ ከአሮጊቷ ቤት አልፎ ነው። ስሮጥ አሮጊቷ ከደጃቸው ሆነው አዩኝ። ፊቴን አይተው ከመቀመጫቸው ተነሡ። «እናትሽ?» አሉኝ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። ዱላቸውን በደህናው እጃቸው ይዘው ዳገቱን መውጣት ጀመሩ። ወዴት እንደሚሄዱ ለማየት ልብ አልነበረኝም።

አክስቴን ይዤ ስመለስ አባቴ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር። ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አድርጎታል። ሰሌኑን ከቆጥ አውርዶ ዘርግቶታል፤ የተቀመጠበት ሰው የለም። የቅርብ ጎረቤቶች ሁለት ሦስት ሆነው አጥሩ ጋ ቆመዋል፤ እንዳይገቡ ሕጉን ፈርተው፣ እንዳይሄዱ አልሆንላቸው ብሎ። አክስቴ መጮህ ስትጀምር አባቴ በእጁ ከለከላት።

«አጎቶችሽ አሉ፣ እኔም አለሁ» አለኝ በዝግታ። «ጥቂት ሆነንም ቢሆን እንሸከማታለን። እሷ ከባድ አይደለችም።»

ያን ጊዜ ጥሩንባ ተነፋ።

መጀመሪያ ጥሩንባ መሆኑንም አላወቅሁም። ድምፁ ወጣ፣ ተሰበረ፣ ጠፋ፤ እንደገና ከዚያ የባሰ ሆኖ ወጣ። ሁላችንም ወደ ጉብታው ዞርን። ጠፍጣፋዋ ድንጋይ ላይ የቅሬው ዳኛ ቆመዋል። አጠገባቸው አሮጊቷ ጎረቤታችን፣ አንድ ክንዳቸው በነጠላ እንደታሰረ፣ የዳኛውን ዱላ ይዘውላቸዋል። ሽማግሌው እንደገና ሞከሩ፤ ትንፋሻቸው ከግማሽ ቀረ። ጥሩንባውን ዝቅ አድርገው በዚያች በቀጠነች ድምፃቸው ተጣሩ፦

«ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የጥሩንባ ነፊያችን ባለቤት አርፋለችና ቅሬ ሁላችሁ ውጡ!»

ሊቀመንበር አላሉም። ስሙን መልሰው ሰጡት። አጥሩ ጋ የቆሙት ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡ። ማዶ ላይ በሮች መከፈት ጀመሩ፤ አንዱ ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ ቁልቁል ሲወርድ አየሁት፣ ከኋላው ሌላ፣ ከዚያ ብዙ።

አባቴ ግን ሰዎቹን አላየም። አንገቱን ቀና አድርጎ ያን የተሰባበረ ድምፅ ያዳምጣል፤ እንባው ጺሙ ላይ ይወርዳል።

«ረጅም ነው መሆን ያለበት» አለ። «ለአዋቂ ረጅም ነው። ትንፋሽ አነሳቸው።» ከበርጩማው ብድግ አለ። «ልሂድና ልቀበላቸው።»

ኮቱን ያዝኩት።

«አባዬ» አልኩት፣ «ዛሬ የሚነፋው ለአንተ ነው። ተቀመጥ።»

ተቀመጠ።